የበር ነጻነት አዋጅ ቁጥር ኮድ 2

ስማ! ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መስኮት የዘጋህ አውርደህ ስማ፤ ሙዚቃ ያስጮኽህ ቀንሰህ ስማ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮሜዳ፣ ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ የምትወጣ፣ በአንደኛ ማርሽ የምታቃስት፣ ፍሪሲዮን እያሸተተህ ሽቅብ የምትል፣ «ለ5 ደቂቃ ነው» ብለህ ለ5 ሰዓት የምትቆም ሁሉ ስማ! ይህን ያልሰማ የበር ጠላት ነው፤ ሰምቶ ያልተነሣ ደግሞ የእድራችን ጠላት ነው።

(ይህ አዋጅ ባለፈው እሑድ በእድራችን ጥሩምባ ነፊ ተነግሮ ነበር። ነገር ግን ጥሩምባው ከመንገዱ ክላክስ ጋር ስለተቀላቀለ፣ ገሚሱ ጎረቤት የሙሽራ አጀብ መጣ ብሎ እልል አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ስለዚህ በጽሑፍ ማውጣቱ ግድ ሆኗል።)

መግቢያ

ከተማችን ኑሮ የጀመረችው ከላይ፣ ከተራራው አናት ስለነበረ፤ ዐፄ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ስለሆነ፤

ነፋሱ፣ ብርዱና የማገዶው እጥረት ሰውን ወደ ታች፣ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ስላወረደው፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ለዚያ ሜዳ አዲስ አበባ የሚል ስም ስላወጡለት፤

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ያ ሁሉ መኳንንትና ሠራዊት ከተራራው የወረደው በእግሩና በበቅሎው ስለሆነ፤ በቅሎ ደግሞ በር ላይ ብትቆም ታፋዋን መታ ሲያደርጓት ፈቀቅ የምትል፣ እጅ ፍሬን የሌላት ፍጡር ስለሆነች፤

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ፣ ቀድሞ ለማገዶ፣ ለጸበልና ለሩጫ ይወጣበት የነበረው ተራራ ለሽርሽርም ሲሆን፣ ቅድመ አያቶቹ ከብርድ ሸሽተው የወረዱት የከተማ ሰው ብርድ ፍለጋ እሑድ እሑድ ነዳጅ እያቃጠለ ሽቅብ መመለስ ስለጀመረ፤

እኛ የቅያሱ ነዋሪዎች በተራራውም በፓርኩም የምንኮራ፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ «ቤታችን እንጦጦ ሥር ነው» እያልን የምንጎርር ስለሆንን፤ ጠባችንም ከዛፉ ጋር ሳይሆን ዛፉ ጋ ሳይደርስ ከሚቆመው ጎማ ጋር ብቻ ስለሆነ፤

በዚሁ መንገድ ላይ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ አጥር ሥር ለአፍታ መቆም የማይደፍር ሹፌር፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ከአንዲት እማማ የቆርቆሮ አጥር ሥር ውሎ የሚያመሽ ስለሆነ፤ ይህንም የሚያደርገው ሕግ ስለማያውቅ ሳይሆን ከቆርቆሮው ወዲያ ያለውን ሰው ስለማያውቅ መሆኑን ስለተረዳን፤

የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ (ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም፤ የቀሩት አባላት በራቸው ተዘግቶባቸው ስለነበር ድምፃቸውን በአጥር ላይ ሰጥተዋል) የሚከተለውን አውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ ድንጋጌዎች

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የበር ነጻነት አዋጅ ቁጥር ኮድ 2» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የተመረጠው በራችን ላይ ከሚቆሙት ታርጋዎች አብዛኞቹ ኮድ 2 ስለሆኑ ነው። ኮድ 4 ሲቆም «ለሥራ ነው» ስለሚባል፣ እሑድ ተራራ ላይ ምን ሥራ እንዳለ የሚያጣራ ኮሚቴ ወደፊት ይቋቋማል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «በር» ማለት ሰው፣ በግ፣ ሶፋና የታመመ የሚገባበት ወይም የሚወጣበት ቦታ ነው። ቆርቆሮ በመሆኑ፣ ቀለሙ በመልቀቁ ወይም አሽከርካሪው «ሰው የሚኖርበት አልመሰለኝም» በማለቱ በርነቱን አያጣም።

ለ) «5 ደቂቃ» ማለት ተራራ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፈረስ ጋልቦ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ «አልሄድም» ያለ ልጅ አባብሎ እስከ መመለስ ያለው ጊዜ ነው።

ሐ) «ታኮ» ማለት መኪና ቁልቁል እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማ ሥር የሚገባ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከየት መጣ ተብሎ ሲጣራ፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ነዋሪ የአጥር መሠረት የተነቀለ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ ወዴት ሄደ ተብሎ ሲጣራ ግን የትም አልሄደም፤ መሐል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ጎማ ይጠብቃል።

መ) «ና ና ና» ማለት ፓርኪንግ የሚያሠራ ልጅ መኪናን ወደ ሰው በር የሚጠራበት ድምፅ ነው። ሙሉ ቃሉ «ና፣ ና፣ ና፣ ቁረጠው፣ መልስ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ!» ሲሆን፣ «በቃ!» የምትለዋ የምትነገረው የመኪናው ኋላ ቆርቆሮውን ጓ ካደረገ በኋላ ነው።

ሠ) «ስልክ ቁጥር» ማለት በብጫቂ ወረቀት ተጽፎ ከፊት መስታወት ሥር የሚቀመጥ፣ ሲደወልለት ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጭ የሆነ 10 አሃዝ ነው።

ረ) «ጠባቂ» ማለት አሽከርካሪው መኪናው ውስጥ ትቷቸው የሚሄድ፣ መንዳት የማይችሉ አክስት ናቸው። አክስቲቱ መስኮት ዝቅ አድርገው «አሁን ይመጣል ልጄ» ከማለት ሌላ ሥልጣን የላቸውም።

ሰ) «የሚመለከተው አካል» ማለት ስንደውልለት የሌላ የሚመለከተው አካል ስልክ የሚሰጠን አካል ነው።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ ከሽሮሜዳ የሀበሻ ልብስ መደብሮች አንሥቶ ሽቅብ ባሕር ዛፉ እስኪጀምር ድረስ ይጸናል። በወንድ ጾታ የተነገረው ለሴትም ያገለግላል። አህያ በዚህ አዋጅ አትገዛም፤ ብትገዛም አትሰማም።

ክፍል ሁለት፦ የመንገዱ ባለመብቶች

4. የቅድሚያ ተራ

በዚህ ዳገት ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ) እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ቁመት ይረዝማል፤ ወገቧ ጎብጦ ስለምትሄድ የሚታያት አስፋልቱ ብቻ ነው። መኪና እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ ሲቆም ዞራ ማለፍ አለባት። ለመዞር ወደ መሐል መንገድ መውጣት አለባት። መሐል መንገድ ላይ ደግሞ ፍሬኑ የሚሸት ሚኒባስ ቁልቁል ይመጣል። ቆማ ልትጠብቅም አትችልም፤ አንዴ ያወረደችውን ሸክም ብቻዋን መልሳ አታነሣውም። በዚህ አዋጅ ውስጥ ያለው ቀልድ ሁሉ ይህን ንዑስ አንቀጽ አይመለከትም።

2ኛ) ጎህ ሳይቀድ ለሚወጡ ሯጮች። ሳንባቸውን በቀጭኑ አየር ሊያለማምዱ የመጡ ልጆች የጭስ ማውጫ እንዲስቡ አይገደዱም።

3ኛ) ለጸበልተኞችና ለተሳላሚዎች፣ በተለይ በወሩ በ21፣ በማርያም። እነሱ በእግራቸው የሚወጡት መኪና አጥተው ብቻ ሳይሆን ተስለው ነው።

4ኛ) ለአህዮች። አህያ ስትቆም ቢያንስ ባለቤቷ ከኋላዋ አለ።

5ኛ) ሽሮሜዳ ቀሚስ ሊገዙ ለመጡ፣ ሸማኔው የደከመበትን ጥበብ ዋጋ በመከራከር ላይ ላሉ እናቶች። ክርክራቸው መንገድ አይዘጋም።

6ኛ) ለመኪና፣ ቦታ ከተረፈ።

ክፍል ሦስት፦ ክልከላዎች

5. በር ዘግቶ ስለ መቆም

ማንኛውም አሽከርካሪ «ቤቱ መኪና የለውም» ብሎ በር መዝጋት አይችልም። መኪና የሌለው ሰው ታክሲ ይጠራል፤ ታክሲው ደግሞ በሩ ድረስ መምጣት አለበት። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛት ጎረቤታችን ታክሲው ቅያሱን ማለፍ ስላልቻለ በጎረምሶች ትከሻ እስከ ዋናው መንገድ ተወስዳለች። ልጁ በሰላም ተወልዷል። ሊቀመንበሩ «ስሙ መንገዱ ይባል» ብለው ነበር፤ እናቱ አልተቀበለችም።

6. ደርቦ ስለ ማቆም

በቆመ መኪና ጎን ሌላ መኪና ማቆም ክልክል ነው። «እሱ ሲመጣ እኔም እመጣለሁ» የሚለው መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም፤ ሁለቱ ተራራ ላይ አይተዋወቁም።

7. ስለ ሙሽራ አጀብ

ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ለፎቶ ወደ ተራራው የሚወጡ ሙሽሮች እንኳን ደስ ያላችሁ ይባላሉ። ሆኖም የኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ካሜራውን በሙሽራዋ መኪና ላይ ደግኖ የሚሄደው ቪዲዮ ቀራጭ «ቀስ በሉ፣ እንደገና!» ሲል የአጀቡ 12 መኪኖች በሙሉ ቀጥ ማለታቸው ይቀራል። የአንድ ሰው ጋብቻ የሌላ ሰው ፍቺ ምክንያት መሆን የለበትም፤ ባል ተዘግቶበት ምሳ የቀረበት ቤት በቅያሳችን አለና።

8. ስለ ፈላ ራዲያተር

ዳገቱ ከብዶት ራዲያተሩ የፈላበት አሽከርካሪ ግን በማንኛውም በር ላይ መቆም ይችላል። ውሃ ይሰጠዋል። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ፣ በጄሪካን የተጠራቀመ ቢሆንም ይሰጠዋል። እሱ የቸገረው ነው፤ ከቸገረው ጋር ጠብ የለንም።

ክፍል አራት፦ የድንኳኑ ጉዳይ

9. ለመዝገብ

ለዚህ አዋጅ መነሻ የሆነው ጉዳይ እንዳይረሳ እንደሚከተለው ሰፍሯል።

አንድ ቅዳሜ ማታ የሰፈራችን ሽማግሌ ዐረፉ። እሑድ ጠዋት የእድሩ ልጆች ድንኳን ተሸክመው ሲደርሱ፣ ዘወትር ድንኳን የምንተክልባት ቦታ ላይ አንዲት ብርማ መኪና ቆማለች። ስልኩ ተደወለ፤ አንቀጽ 2 ሠን ይመልከቱ። ሊገፏት ሞከሩ፤ ታኮዋ ጥብቅ ነው። ትራፊክ ተጠራ፤ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ቀብሩ 6 ሰዓት ነው። በመጨረሻ የድንኳን ኃላፊው ወገባቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና «ከነመኪናዋ ትከሉት!» አሉ።

ተተከለ። መኪናዋ መሐል ድንኳን ገባች። ከቀብር መልስ ቦታ ስለጠበበ ኮፈኗ ላይ የንፍሮው ሰፌድ ተቀመጠ፤ ስፖኪዮዋ ላይ የአንዱ አዛውንት ጃንጥላ ተንጠለጠለ። ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች የሟቹ መኪና መስላቸው «ምነው እሷን እንኳ ሳይጠግባት!» እያሉ ኮፈኗን እየዳበሱ አለቀሱ።

ወደ 10 ሰዓት ግድም ባለቤቱ በስፖርት ቱታ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከተራራው ወረደ። መኪናው በለቅሶ ተከባ ሲያያት ክው አለና «ምን ሆና ነው?» አለ። ሳቅ ያፈነው ብዙ ነው፤ የሳቀ ግን የለም። የሟቹ ባለቤት ቀና ብለው አዩትና «ና ልጄ፣ ቁጭ በል፤ ሕፃኑንም ከብርድ አስገባው» አሉት።

ተቀመጠ። ንፍሮ ዘገነ። ሟቹ ማን እንደነበሩ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ ከጎኑ ካለው ሰው ሰማ። ሲመሽ ወንበር አብሮ ሰበሰበ። በሠልስቱ ጋቢ ደርቦ በእግሩ መጣ። መኪናውን የት እንዳቆመ ሲጠየቅ «ስድስት ኪሎ» አለ።

ከዚያ ወዲህ በማንም በር ላይ ቆሞ አላየነውም። አንድም ሳንቲም አልተቀጣም።

ክፍል አምስት፦ ቅጣት

10. የገንዘብ ቅጣትን ስለ መተው

ጉባኤው የገንዘብ ቅጣትን መርምሮ ትቶታል። ገንዘብ የከፈለ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም፤ ቦታውን የገዛ ይመስለዋል። ቅጣቱን ከሽርሽሩ ወጪ ጋር ደምሮ በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳል። ጎማ ማስተንፈስም በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ጎማው የተነፈሰ መኪና ከበራችን አይነሣምና።

11. የቡና ቅጣት

ሀ) በር የዘጋ አሽከርካሪ በዘጋው በር ይገባል።

ለ) የቤቱን ሰው ሁሉ፣ ሕፃናቱን ጨምሮ፣ በስም ይተዋወቃል።

ሐ) አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ አይወጣም። «እቸኩላለሁ» ቢል «5 ደቂቃ ናት» ይባላል።

መ) በአቦልና በቶና መካከል ስለ ቤቱ እማማ ጉልበት፣ በቶናና በበረካ መካከል ዓረብ አገር ስላለችው ልጃቸው ይሰማል። የፎቶ አልበም ቢወጣ እስከ መጨረሻው ገጽ ያያል።

ሠ) ለሁለተኛ ጊዜ የዘጋ ለማኅበር ይጠራል፤ ይመጣልም። ለሦስተኛ ጊዜ የዘጋ የእድሩ ሙሉ አባል ሆኖ ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላል፤ ተራው ሲደርስ ድንኳን ይተክላል።

ክፍል ስድስት፦ ስለ ራሳችን

12. ስለ በርሜል

እሑድ ማለዳ በርሜል፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና ድንጋይ አውጥቶ የሕዝብን አስፋልት የግሉ ያደረገ፣ ኋላም በርሜሉን ለማንሣት 50 ብር የሚቀበል ነዋሪ በዚህ አዋጅ እንደ አሽከርካሪ ይቆጠራል፤ ይቀጣልም። «ና ና ና» ከሚሉት ልጆች ሦስቱ የእድራችን አባላት ልጆች መሆናቸው ተረጋግጧል። አንደኛው የጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፉት በድምፅ ብልጫ ተገደው ነው።

13. ከአዋጁ ነጻ ስለሆኑ ሰዎች

የነዋሪ ዘመድ፤ የነዋሪ ዘመድ ጓደኛ፤ ከነዋሪ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፤ ከነዋሪ ጋር ያገር ልጅ የሆነ፤ ሰፈሩን በልጅነቱ የሚያውቅ። ይህ አንቀጽ ለድምፅ ሲቀርብ፣ በራችን ላይ ከቆሙት መኪኖች አንድም የማይቀር መሆኑ ስለታወቀ ተሠርዟል። የተሠረዘውን እዚህ የተውነው ራሳችንን እንድንታዘብበት ነው።

14. የሊቀመንበሩ ቃል

ሊቀመንበሩ ከመፈረማቸው በፊት የሚከተለውን በገዛ ፈቃዳቸው አስመዝግበዋል። ባለፈው ዓመት ቦሌ አካባቢ ሠርግ ተጠርተው፣ ቦታ አጥተው፣ መኪናቸውን አንድ አረንጓዴ በር ላይ አቆሙ። ለ5 ደቂቃ ነው ብለው ነበር። ከ4 ሰዓት በኋላ ሲመለሱ በሩ ሥር አንድ ሰው የሐኪም ቤት ካርድ ይዞ ቆሟል። አልተሳደበም። መኪናቸው እስኪወጣ ጠበቀና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሊቀመንበሩ ስሙን እንኳ አልጠየቁትም። ቢሰድባቸው ኖሮ እስካሁን ይረሱት እንደነበር ተናግረዋል።

ክፍል ሰባት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

15. ስለ አማራጭ

ከከተማ የሚመጣ እንግዳ መኪናውን ታች፣ ሰፊ ቦታ ባለበት አቁሞ ሚኒባስ ይያዝ። «እንጦጦ ማርያም!» የሚለው ወያላ ከየትኛውም የመንገድ ካርታ የበለጠ ያውቃል። ጉልበት ያለው በእግሩ ይውጣ፤ ለስፖርት የመጣ ሰው እስከ ስፖርቱ በር ድረስ ለምን በመኪና እንደሚሄድ ጉባኤው ሊገባው አልቻለም። ከተማችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እያለች አንዳንድ መንገዶችን እሑድ ጠዋት ለመኪና ስትዘጋ አይተናል። እኛ መንገዱ ይዘጋልን አላልንም፤ በራችን ይከፈትልን ነው ያልነው።

16. ጸንተው ስለሚቆዩ ሕጎች

መንግሥት ስለ መንገድ የደነገገው ሁሉ በቦታው አለ። እኛ የጨመርነው ቡና ብቻ ነው። ይህን አዋጅ የሚቃረን «ምን አገባህ!»፣ «መንገዱ የመንግሥት ነው!» ወይም «ማን መሰልኩህ?» የሚል ማንኛውም ልማዳዊ አነጋገር ተሽሯል።

17. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በሊቀመንበሩ በር ላይ ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የቆመችው ነጭ ቪትዝ ባለቤት ከተራራው ወርዶ ቅጣቱን ከፈጸመበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። አሁን 10 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ስልኩ አይሠራም። መኪናው ውስጥ የነበሩት አክስቱ ብርድ እንዳይመታቸው ወደ ቤት ገብተዋል። ከሊቀመንበሩ እናት ጋር ያንድ አገር ሰው ሆነው ስለተገኙ በአንቀጽ 13 ነጻ ይሆኑ ነበር፤ እንኳን ተሠረዘ። አቦሉን ጠጥተዋል፤ አልበሙም ተጋምሷል። ቶናው እየተቀዳ ነው። ልጁ ሲመጣ በረካው ይደርስለታል።

ሽሮሜዳ፣ እሑድ፣ ከተዘጋው በር በስተ ውስጥ